የወጥ ቤታችን መድረክ ይመዝገብልን

ለዩኔስኮ፣ የፈጠራ ከተሞች ክፍል
ፓሪስ

ጉዳዩ፦ በአቡ ዳቢ ኤሚሬት፣ በአል ዓይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር የሚገኙ ጭፈራ ቤቶቻችን እንዲመዘገቡልን ስለመጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2021 አቡ ዳቢን የሙዚቃ ከተማ ብላችሁ መሰየማችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል። እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት የዘገየነው ሳህኑ አላልቅ ብሎን ነው።

ማዕረጉ ይገባታል። ከ2008 ጀምሮ ዑድ የሚያስተምረው ቤይት አል ዑድ አላት፤ በያስ ደሴት ላይ 18 ሺህ ሰው የሚይዝ ኢትሃድ አሬና አላት። እዚህ አል ዓይንም ሆነ እዚያ፣ ባንድ የሚጫወትባቸውና የሚጨፈርባቸው መጠጥ ቤቶች በአብዛኛው በየሆቴሉ ውስጥ ናቸው፤ ዕድሜው 21 የሞላ ይገባል። እኛ የቤት ሠራተኞች ዕድሜውንስ ሞልተናል። ያጣነው ምሽቱን ነው።

ሕጉን አናማም። በ2017 ወጥቶ በ2022 በአዲስ የተተካው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በየቀኑም 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠናል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ። ስምንቱን እንቅልፍ ይወስደዋል። ቀሪው አራት ሰዓት ተበጣጥሶ ስለሚደርሰን፣ አንድ ረዥም ትዝታ የሚያስጨርስ ቁራጭ አይገኝበትም። የሳምንቱ ዕረፍት ደግሞ ማዳም እንግዳ ከጠራች በሌላ ቀን ወይም በገንዘብ ይካካሳል። እናም ጭፈራችንን በድርሃም ተቀብለን አገር ቤት እንልከዋለን፤ እዚያ የታናሽ እህት የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል።

ስለዚህ የራሳችንን መድረክ ከፍተናል። ዝርዝሩ እነሆ፦

ወለል፦ የወጥ ቤት ሴራሚክ። ከጭፈራ በፊትም በኋላም ይወለወላል።
ባንድ፦ ስልክ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ። ሌላው ጆሮ ማዳም ስትጣራ ለመስማት የተያዘ ነው።
ጭፈራ፦ እስክስታ። እግር አይፈልግም፤ ትከሻ ይበቃዋል። ሽንኩርት እየከተፉም ይወረዳል።
መግቢያ፦ ነጻ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለመውጫው ነው።

ልምድ የለንም እንዳትሉን። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የአዲስ አበባ ጭፈራ ቤቶች ደንበኛውን እንደያዙ በራቸውን ይዘጉ ነበር፤ ሰው እስኪነጋ ይጨፍራል። እዚህም በሩ ይዘጋል። ያኛው ሰዓት እላፊ ግን ሲነጋ ይነሣ ነበር፤ የእኛው ሲነጋ ይጀምራል።

መዝጋቢ ብትልኩልን በደስታ እናስተናግዳለን። ባይሆንላችሁ አንድ ትንሽ ነገር እንለምናለን፦ ከእንግዲህ ከተማን በሙዚቃ ስትመዝኑ፣ ስንት አዳራሽ አላት ከማለታችሁ በፊት፣ አዳራሹ ሲጨፍር ሳህን የሚያጥበው ሰው የዕረፍት ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ከሰላምታ ጋር
የፈላጅ ሃዛ የአንድ ጆሮ ታዳሚዎች

ግልባጭ፦
ለአል ዓይን ሆቴሎች የጭፈራ ወለል፦ እንድታውቀን
ለማዳም፦ ከቡናው በኋላ፣ ደስ ያላት ቀን