ፊደል ቆጣሪዎች

በእኔ ዘመን «ፊደል የቆጠረ» ሲባል የተማረ ማለት ነበር። ወንበር ይለቀቅለታል፤ ደብዳቤ እንዲያነብ ከማዶ መንደር በበቅሎ ይፈለጋል። ዛሬ እዚህ ሐርጌሳ፣ ከሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት ዝቅ ብላ ባለችው ቡና ማፍያዬ፣ ፊደል ቆጣሪ ሞልቷል። የሚቆጥሩት ግን እንዲያንስ ነው። ወይ ጉድ በሉልኝ የዘመኔ ሰዎች!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሒሳብ እንቆቅልሽ ይይዛሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚፈታበትን ትእዛዝ ባነሰ ምልክት የጻፈ ረታ ይባላል። «ኮድ ጎልፍ» ይሉታል፤ በጎልፍ ኳሷን በትንሽ ምት ጉድጓድ የከተተ ያሸንፋልና። ስሙን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፐርል በሚባል ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው አሉኝ። እኔ ሐርጌሳ ውስጥ ጎልፍ ሜዳ አላየሁም፤ ያን ያህል ሣር ቢበቅልማ ፍየሎቹ ቀድመው ይደርሱለት ነበር።

ሰሞኑን የያዙት ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኛኑ ማባዣ! ባሕር ማዶ «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይባላል፤ «የሩሲያ ገበሬ ማባዣ» የሚሉትም አሉ። ግብፆችም ከ3,500 ዓመት በፊት ቁጥር እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር። እኔ ግን ከአባቴ ነው የተማርኩት፣ በባቄላ። 13 ፍየል፣ እያንዳንዷ 24 ብር። (ፍየል 24 ብር! ያውም ጮማዋ ጮማ፣ ጠባይዋ የጨዋ ልጅ።) በግራ 13ን ትገምሳለህ፤ ትርፍራፊውን ትጥላለህ፦ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን ታጥፋለህ፦ 48፣ 96፣ 192። በግራ ያለው ቁጥር ጎዶሎ ካልሆነ መስመሩን ትሰርዛለህ። የተረፉትን 24፣ 96 እና 192 ስትደምር 312 ብር። አባቴ ይህን ሲያሰላ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ያኔ ቀኑም ረጅም ነው። ሒሳቡ ሲያልቅ ሻጭና ገዢ ተዛምደው ይነሡ ነበር።

አሁን ማን ታግሦ! ይቺ ከተማ የሽልንግ እስር እንደ ጡብ አስፋልት ዳር ተከምሮ የሚመነዘርባት ናት። ትልቁ ኖት እንኳ ዋጋው ትንሽ ስለነበር ለአንድ ጥንድ ጫማ ሽልንጉን እንደ ሕፃን ታቅፎ መሄድ ነበር፤ ክንድ እንዴት ያጠነክር መሰላችሁ! እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የሚባለው የስልክ ገንዘብ መጣ፤ ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። እኔም በስልክ ነው የምቀበለው፤ በዚህ ወገብ ማን ይሸከማል?

ወደ ፊደል ቆጣሪዎቹ ልጆች ልመለስ። አንደኛው የጅግጅጋ ልጅ ነው፣ «ጋሼ» ይለኛል። ሌላው የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ «አደር» ይለኛል። የቡና ሒሳብ ሲነሣ ሁለቱም ምንም አይሉኝም። ውላቸው ፓይተን በሚባለው ቋንቋ መጻፍ ነው፤ የማባዣ ምልክቷ ኮከብ ክልክል ናት፣ መገመስና ማጠፍ ብቻ። የጅግጅጋው በ41 ምልክት ጨረሰ። የሐርጌሳው በ36 ይዞ ከች አለ፤ ለካ ኮከቧን ሁለት ቦታ ሸሽጎ አስገብቷታል! ዳኛው እኔ ነበርኩና አልምረውም። «ማባዣን በማባዣ ከሠራህ ባቄላው ለምን ተለቀመ?» አልኩት።

ደግሞ ባዶው ቦታም ይቆጠራል። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ የሚቀመጥበት ዘመን ነበር፣ ንባብ የሚያምርበት። ይህ ትውልድ ነጥቦቹን አጥፍቶ ባዶ አደረገው፤ አሁን ለባዶውም ሰሰተ! ለመሆኑ ማሳጠር ምኑ ጥበብ ነው? ጥበብስ ቅኔ። የኔታ ጉባኤ ቃና ሲዘርፉ፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ ሰሙን ይዘን ወርቁን ስንፈልግ ሳምንት ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል ትርፍ ብትገባበት ተማሪው ሁሉ ይስቅብሃል። እነዚህ ግን ነገር ሁሉ ይጠር ባዮች ናቸው።

እንቅልፍም የላቸው። ስልክ ላይ እንዳፈጠጡ ይነጋል። ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያቺን 41 በባትሪ እያየኋት ነበር። ወረቀት ላይ ያስገለበጥኳት ለስኳር መጠቅለያ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ከ1 ቁጥር ቀጥላ ያለችው ክፍተት ዓይኔን ወጋችኝ። ቁጥርና ፊደል ጎን ለጎን ቢቆሙ ማን ያምታታቸዋል? ለጅግጅጋው ደወልኩለት። እያዛጋ አጠፋት፣ ሞከራት፣ ሠራች። 40!

አሁን ሦስት ክፍተት ቀርቷል። ከንጋት ጀምሬ ብደውል ብደውል አያነሣም። በእኛ ጊዜ ሽማግሌ ሲጣራ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ልጅ «አቤት» የሚለው ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ ነበር።