እንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣህ

አሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) መምህራኗን በመጀመሪያ ከላከችባቸው አገሮች አንዷ ጋና ናት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1961 ዓ.ም. 51 ወጣቶች አክራ ወረዱና የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በትዊ ቋንቋ ዘመሩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። ጋናስ ይሁን፤ እንግሊዝ ገዝቷታል። እኛ ማንም ቅኝ ሳይገዛን በዓመቱ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉትን በእልልታ ተቀበልን። ነፃነታችንን የሚተርከውን የታሪክ ፈተና እንኳ የምንፈተነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኩራት ይሏል ይህ ነው።

መቲ እንሂድ፣ የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ። ልጁ እቤት ማጃንግኛ፣ ገበያ አማርኛ ይናገራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ባዮሎጂው በእንግሊዝኛ ነው። ዘመዶቹ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ ናቸው። ንብ መቼ እንደምትቆጣ፣ ጫካው መቼ እንደሚያብብ ያውቃል። ፈተናው ላይ ግን ንቧ በፈረንጅ አፍ ስለምትመጣ አያውቃትም! የእንግሊዝኛ መምህሩም ምን ያድርግ? የእንግሊዝኛውን ሰዋስው በአማርኛ ያብራራል፤ ተማሪው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሁለቱም ተግባብተው ይለያያሉ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ጥፋቱ በኩረጃና በስንፍና ላይ ተላከከ፤ ቋንቋው ክስ አልቀረበበትም፣ እንግዳ ነዋ!

አሁንም «ፈረንጅ አስተማሪ ይምጣልን» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ጥያቄያችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የመቲውን መምህር ደመወዝ ጠይቁልኝ።