ቡችላና የአንደኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ግቢ

አዲስ አበባ፣ ሸጎሌ ውስጥ ቡችላ በአብዛኛው የሚገኘው በመሐላ ነው። የጎረቤት ውሻ ትወልዳለች፤ የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ይሰነብትና አንድ ቀን ራት ላይ «እኔ አበላዋለሁ፣ እኔ አጥበዋለሁ፣ የቤት ሥራዬንም ሳልነገር እሠራለሁ» ብሎ ይምላል። መሐላው የሚጸናው ቡችላው ምንጣፍ ላይ እስኪሸና ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው መወልወያው አጠገብ የተገኘ ሰው ይሆናል፤ ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ እናት ናት። አባት መወልወያው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

ስም ማውጣት ቀላሉ ክፍል ነው። ድሮ የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነበር፤ ዛሬ ግን ቦቢ ወይም ጃክ ተብሎ ያልቃል።

ማደሪያው ግን ያከራክራል። አያት «ውሻ ቤት አይገባም» ይላሉ። ልጁ አልጋው ላይ ካላደረ ይላል። ውጭ እንዳይተው ደግሞ ማታ ማታ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ጅብ አለ፤ ለጅብ ቡችላ ራት እንኳ አይሆነውም። ስለዚህ በረንዳ ላይ አሮጌ ጋቢ የተነጠፈበት ካርቶን ይቀመጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅሰው ቡችላው ነው ወይስ ልጁ የሚለውን ለመለየት ግን ተነስቶ ማየት ያስፈልጋል።

የልጁ ፕሮግራም የታወቀ ነው፦ ትምህርት ቤት፣ የቤት ሥራ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቴኳንዶ፣ ቅዳሜ ኳስ፣ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ስለሚተኛ የሚጋጭ ነገር ያለ አይመስልም። ችግሩ የቀሩትን ሰዓታት የሚመርጠው እሱ መሆኑ ነው። ሽንቱን መያዝ የሚችለው በዕድሜው ወር ልክ ነው ይባላል፤ የሁለት ወሩ ሁለት ሰዓት ያህል ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪሱ በር ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ልጁ አንድ እግር ጫማ አድርጎ ሌላውን ይፈልጋል። ጫማው ካርቶኑ ውስጥ ይገኛል፤ ክሩ የለም፣ ምላሱ እርጥብ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ይነፋል።

ምግቡም እንደሚታሰበው ፍርፋሪ መጣል አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ያለ ሽንኩርት የሚጀመር ወጥ ደግሞ የት ይገኛል? እንጀራ ያለ ቅመም በተቀቀለ የአጥንት መረቅ ቢፈተፈትለት ይሻላል። በሁዳዴ 55 ቀን ግን ቡችላው አይጾምም፣ ቤቱ ይጾማል፤ አጥንት ፍለጋ ልኳንዳ የሚላከው ሰው የሰፈሩን ዓይን መቻል አለበት። ፋሲካ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። የቁም እንስሳት ገበያው እዚያው ሸጎሌ ስለሆነ በግ ያልገባበት ግቢ ጥቂት ነው፤ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበትም ለውሻው ይወረወራል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ውኃ በቋጠረው እጢ ውስጥ ያለው እጭ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከጸጉሩ ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይሄድና ጉበቱ ላይ እጢ ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ቡችላውን የትል መድኃኒት መስጠት፣ ልጁን እጁን ማስታጠብ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል።

ክትባትን በተመለከተ የሸጎሌ ሰው ሩቅ ምሳሌ አያሻውም። ከዚያው ብዙ ያልራቀው ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ ከዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስወጋው ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ማይስተርን ነበር። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ልጁን የማያውቁት ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ጠበል ቢታሰብም ከመርፌው በኋላ ይደርሳል።

በ4 ወሩ ገደማ የቡችላው 28 የወተት ጥርሶች መርገፍ ይጀምራሉ፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪውም 20ዎቹን መጣል የጀመረበት ጊዜ ነው። ልጁ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ይወረውራል፣ ቡችላው አብዛኛውን ይውጣል፤ ሁለቱም እስከዚያው ያገኙትን እርሳስ ያኝካሉ። በ7 ወሩ ቡችላው 42 ጥርስ ሞልቶት ሌሊቱን ሽንቱን ይዞ ያድራል፤ የሚቀረው የዓመቱ ክትባት ነው። ለልጁ ደግሞ በሁለተኛው ሴሚስተር አስጠኚ ይቀጠርለታል።