ሰማይን ክሰሱልኝ!

የመንዝ ሰው ተከሳሽ አጥቶ አያውቅም። ርስት ሲጎድልበት ወንድሙን፣ ድንበር ሲገፋበት ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ያቆም ነበር። ዘንድሮ ተከሳሹ ሰማይ ነው። ምንጭ ደረቀ? ሰማይ! በልግ ቀረ? ሰማይ! ጎረቤት የተከለው ባህር ዛፍ ጉድጓዱን መጠጠው? እሱም ሰማይ! መጥሪያ የሚያደርስ ጠፋ እንጂ ፋይሉስ ተከፍቷል።

«የአየር ንብረቱ ተለውጧል እኮ!» ይሉኛል። ተለውጧል፤ ማን ካደ? በየካቲት የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ አንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል፤ ሲመጣም የወሩን በአንድ ከሰዓት ያራግፈዋል። በበልግ ገብስ የሚኖር ደገኛ ይህን ያወቀው ከሪፖርት ሳይሆን ከጎተራው ነው። ግን ዝናቡ አመሉን ሲቀይር ውሃውን ማን ይያዘው? መሬቱ! መሬቱንስ? አንተ እስከ ገደሉ አፋፍ አርሰኸዋላ!

«ሣር ምን ይሠራል?» ለሚል የመንዝን ጓሳ ውጣና እይ። ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ሜዳ፣ የጓሳ ሣር ጉች ጉች ብሎ ጉሙንም ዝናቡንም ይይዝና ከሥሩ ላለው ረግረግ ያወርሳል፤ ረግረጉ ደግሞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ወደ ምዕራብ የሄደው በጀማ ወንዝ አድርጎ አባይ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው በኤፍራታና ግድም ቆላ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። ለሁለት ተፋሰስ ይሠራል፣ አበል ጠይቆ አያውቅም!

«ፖሊሲ ያወጣን እኛ ነን፤ አባቶቻችን ምን ያውቃሉ?» የሚል ምሁርም አለ። አባቶችህ ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረው ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያስነግራል፤ ሰው በበጋ ገብቶ ያጭዳል፣ ከብት ይከተላል፣ ክረምት ሲገባ ሁሉም ይወጣል። ወርክሾፕ አልነበረም። እርግጥ ሥርዓቱ የባለርስት ነበር፤ ርስት የሌለው ሣሩን በሩቅ ነው የሚያየው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ርስቱ ሄደ፤ ደግ! ሥርዓቱን ምን አስከተለው? ነዋሪው ኋላ በስንት መከራ ኮሚቴ አቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ መለሰው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የሚኖሩት በዚያ ነው።

ወደ ቆላ እንውረድ። ዓለም ከተማ ገበያ ላይ አንድ የመርሐቤቴ ሰው አንዱን መንዜ ያዘው፤

«ጀማ በክረምት በሬ ይወስዳል፣ በበጋ እግር ማጠቢያ አይሆንም። ላይ ሆናችሁ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። እኔ ምን ላድርግ?»

«ውሃውስ ይምጣ፤ ያንተ ማሳ ተከትሎት መምጣቱ ነው የገረመኝ። እኔ ደጅ እኮ ነው ያለው!»

«እንግዲያው ግብሩን አንተ ክፈላ!»

«ልክፈል፤ ግን ግማሹ ህዳሴ ግድብ ገብቷል፤ ደረሰኙን ከዚያ ተቀበል!»

ቀልድ አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነው የተሠራው፤ የመንዝን የገብስ መሬት እንዲያከማች አይደለም። ገበሬው ቦንድ ገዝቶለታል፣ እርከን የሌለውን ማሳውን ደግሞ በየክረምቱ ደለል አድርጎ ይልክለታል። ሁለተኛው መዋጮ ቢቀር ግድቡ አይቀየምም።

መንዜው ግን ዝም የሚል አልነበረም፤

«ብርብራ ወቅጠህ ወንዙ ላይ የምትበትነውስ አንተ አይደለህ? አንድ ዓሣ ለምሳህ፣ መቶው ለአሞራ!»

«ጾም ነዋ! ምን ልብላ?»

«ጿሚው አንተ፣ አስከሬኑ የወንዙ! ሞተር ደርድረህ ሽንኩርት ስታጠጣስ ለወንዙ ስንት ጣሳ ታስቀርለታለህ?»

ለዚህኛው መልስ አልተገኘለትም፤ ሳል መጣ።

በዚህ መሀል የበረሳ ወንዝ ነገር ተነሣ። ከተማው ደብረ ብርሃን አድጓል፤ ወንዙ ደግሞ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ ያው ወደ ጀማ ይወርዳል። «ልማት ነው እኮ!» አለ አንድ ኮት የለበሰ። ጠላ የምትቀዳው ሴትዮ ጣሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ልማቱስ ልማት ነው ጋሼ፤ ላሚቱ አልጠጣም አለች እንጂ!»

የመርሐቤቴው ሰው ሲስቅ ቆይቶ ወደ መንዜው ዞረ። «ግዴለም፣ እንታረቅ። አንተ የምንጩን ራስ ከልል፣ ሣሩን ጠብቅ፤ እኔ በየዓመቱ አንድ ዳውላ ማሽላ እሰፍርልሃለሁ።»

«በድርቅ ዓመትም?»

«በድርቅ ዓመትም። ከጎርፉ ጋር የመጣልኝን አፈር ግን እየመዘንኩ እቀንሳለሁ።»

መንዜው ጋቢውን አጣፋ። «ይሁን። ግን በማን ቁና ነው የሚሰፈረው?»