እግራቸው መቼ ተቀጠለ?

እኛ ታፔላ ስንጽፍ ቆርቆሮውን አሽተን፣ በእርሳስ አስምረን፣ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥነን ነበር። አንዲት ፊደል ብትንጋደድ ባለሱቁ ቀርቶ መንገደኛው ይሰድበን ነበር። ዛሬ እዚህ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ ሁልጊዜ ደጁ ላይ በምቀመጥበት ባነር ቤት፣ ልጁ ማኪያቶውን እየጠጣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ኤአይ «ሣል» ይለዋል፤ ይሥላል። የእኔን ወገብ የበላው 40 ዓመት እንግዲህ ለማን ይከሰስ?

ለነሐሴ 24 የጽዋ ማኅበርተኞች ባነር አዘዙ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። አንዲት እናት መነጽራቸውን አውጥተው አዩና፣

«እኚህ ማን ናቸው ልጄ?»

«ጻድቁ ናቸዋ እማማ!»

«ታዲያ እግራቸው መቼ ተቀጠለ?»

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተሰበረ፣ ስድስት ክንፍ እንደተሰጣቸው የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስብራቱ እንኳ ጥር 24 የራሱ በዓል አለው። ኤአዩ ግን ጠግኖት ቁጭ! ወጌሻም እንዲህ አይቀናው። ከክንፉ አራቱን ቀንሶ፣ ለቀኝ እጃቸው ስድስተኛ ጣት መርቆላቸዋል።

ከሥር ያለውን ጽሑፍማ ዲያቆንም አያነበው። ከሩቅ አማርኛ ነው፤ ሲቀርቡት የዶሮ ጭረት። «ጋሼ፣ ይሄ ፊደል አይጽፍም፤ የፊደል መልክ ነው የሚሥለው። የተማረባቸው ሥዕሎች ውስጥ የእኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው» አለኝ ልጁ። እኔ 33ቱን በሰባት አባዝቼ 231 ያደረስኩት የኔታ ፊት፣ በኩርኩም ነው። ማሽኑ ኩርኩም አልቀመሰም።

ሌላ ቀን ደግሞ ልጁ ለአንድ ካፌ ግድግዳ «በአፈወርቅ ተክሌ አሣሣል» ብሎ ማሽኑን አዘዘው። የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት የሣሉትን ሰው፣ በአንድ መስመር! «የቅጂ መብት አዋጅ አለ፤ 410/1996። ባለሥራው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል» ብለው፣ «ሕጉ ሥራውን እንጂ አሣሣሉን አይጠብቅም ጋሼ» አለኝ። ሕጉ ባይጠብቀው ይሉኝታ አይጠብቀውም? ደግሞስ ደንበኛው «ማን ሣለው?» ሲል «እኔ» ማለት ምን አመጣው? «ኤአይ ነው፣ እኔ አረምኩት» ቢል ምላሱ ይሰበራል?

ማሽኑን አልጠላም። ረቂቅ ያውጣ፣ ቀለም ያማርጥ፤ ግድ የለኝም። እኔም ለረዳቴ የታፔላውን መደብ አስቀባው ነበር። ከሥሩ የምፈርመው ግን እኔ ነኝ፤ ስድቡም የእኔ። ይሄ ልጅ ስድቡን ለማን ሊሰጥ ነው? ለኮምፒውተሩ?

ደግነቱ በጽዋው ባነር እኚያ እናት ልጁን አልለቀቁትም። ሠዓሊ ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ አስፈቅዶ የሥዕሉን ፎቶ አስገባ። ፊደሉንም በእጁ ተየበ። እማማ በጣታቸው እግር ቆጠሩ፦ «አንድ። ይባርክህ።»

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ከመታተሙ በፊት «ጋሼ፣ ይቁጠሩልኝ» ይለኛል። በስተርጅና ቆጣሪ ሆንኩ! የመብራቱ እንኳ ይከፈልበታል።

ትናንት የሥጋ ቤት ማስታወቂያ አመጣ። በሬው አምስት እግር አለው።

«ለሥጋ ቤትማ ትርፍ ነው ጋሼ» አለኝ።

«ይሁን። አምስተኛውን ቅልጥም አምጡ ለሚል ደንበኛ ግን አንተ ሂድና መልስ!»