ሊብሬው የማን ነው?

ለገሃር ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር ካየ ቆየ። አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። መንገደኛ ግን ከሰፈሩ አይጠፋም። ከመንገደኛው ሁሉ እኔን የሚያዝናናኝ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ፣ እዚሁ ሞተር ገዝቶ፣ በሞያሌ አድርጎ እስከ ኬፕታውን ልንዳ የሚለው ፈረንጅ ነው።

ምኞቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉ ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ተነስተው በእኛ አገር በኩል ኬፕታውን ሲደርሱ በቴሌቪዥን አይቷል። እነሱ ሞተራቸውን ይዘው እንደመጡ፣ ረዳት መኪናም እንደነበራቸው ልብ አላለም። እዚሁ ለገሃር አካባቢ ሆላንድ ሃውስ ያርፉ የነበሩት ባለሞተሮችም ካርኔ የሚሉትን የጉምሩክ ሰነድ በደረት ኪሳቸው ይዘው ነበር የሚዞሩት። የእኛ ፈረንጅ ግን ለካርኔ መያዣ ከማስያዝ እዚያው መግዛት ይረክሳል ብሎ አስልቷል። ሒሳብ ጎበዝ ነው።

ደላላ ፍለጋ አይደክምም፤ ደላላው ራሱ ያገኘዋል። «ማይ ፍሬንድ፣ ኖ ፕሮብሌም! ሞተሯ አዳማ ናት፣ ነገ ትመጣለች።» ነገ የምትመጣው ግን አይሱዙ ላይ ተጭና፣ ሸራ ለብሳ ነው። አዲስ አበባ፣ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ብላ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይነዳባት ከልክላለች። ስለዚህ የጀግናው የመጀመሪያ ጉዞ ጋቢና ተቀምጦ፣ ሞተሩን ከኋላ አስጭኖ ከከተማ መውጣት ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀት አለ። ለስም ዝውውር መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና አድራሻ ይጠየቃል። ቱሪስት ያለው አድራሻ የሆቴል ክፍሉ ቁጥር ነው። ደላላው ለዚህም መላ አያጣም፤ ሊብሬው በአጎቴ ልጅ ስም ይሁን፣ ላንተ ውክልና ይሰጥሃል ይላል። ፈረንጁ ብሩን ቆጥሮ ያስረክባል፣ የአጎት ልጅ ባለንብረት ይሆናል፣ ከፋዩም በገዛ ገንዘቡ የሰው ሾፌር ሆኖ ያርፋል። አንዱ ውክልናውን ሲመረምር አይቻለሁ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ነው፤ አገላበጠው፣ ማህተሙን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና ፈገግ አለ። ማህተሙ ክብ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ ምን ይጎድለዋል!

ማደያ ሲደርስ ዶላር ያወጣል፤ ቀጂው «ቴሌብር» ይለዋል። ይህን በሰው ስልክ ይወጣዋል እንበል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ፣ አቧራ ለብሶ ሞያሌ ሲደርስ ግን የጉምሩክ ሠራተኛው ፓስፖርቱንና ሊብሬውን ጎን ለጎን ያስቀምጥና «ባለቤቱ የት አለ?» ይላል። ባለቤቱ አዳማ ጥብስ ላይ ነው። እኛ በ1956 ዓ.ም. በአነዳድ ወደ ቀኝ ተሻግረን ኬንያ በግራ መቅረቷ ከዚህ አንጻር ምንም አይደል፤ እዚያ ለመሳሳት መጀመሪያ መሻገር ያስፈልጋል። እስከማውቀው ያለ ሊብሬ ከለገሃር ተነስቶ ባሕር የተሻገረ የጣቢያው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ብቻ ነው፤ እሱንም ጣሊያን ዘርፎ ሮም ስለወሰደው ነው፣ ኋላም ተመልሷል።

ሞተሯም ትመለሳለች፣ እንደገና በአይሱዙ። ቪዛው ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ፈረንጁ እዚያው ደላላ ዘንድ ይቀርባል። ደላላው ጎማዋን በእግሩ ነካ አድርጎ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ተበልታለች፣ ገበያውም ቀዝቅዟል። በግማሽ ዋጋ ይገላገላታል።

በሳምንቱ ገዢ ይገኛል፣ የእኛው ሰው፣ ነቄ ነኝ ባይ። በቅናሽ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ደላላው ጠጋ ብሎ «ፈረንጅ የያዛት ናት» ይለዋል። ሰውየው ኮርቻዋን ዳሰሰና ስለ ሊብሬው ሳይጠይቅ ዋጋ ጨመረ።