እኔን ማን ጠየቀኝ?

ድሮ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ሹራብ መሥራት ነውር ነበር። «ባለጉዳይ ቆሞ እሷ መርፌ ታጋጫለች» እየተባለ ስንት ተወራብን! አብራኝ መዝገብ ቤት የነበረች አንዷማ ለአንዲት እጅጌ ብላ ደመወዝ ተቀጥታለች። ይሁን። ግን እጄ ክር ቢይዝ ዓይኔና ጆሮዬ የባለጉዳዩ አልነበሩም? የዛሬዋን ልጅ በመስኮቱ እዩልኝ፤ እጇም ዓይኗም ጆሮዋም ስልኳ ውስጥ ገብቷል። ቀና ካለችም የምትለው አንድ ነገር ነው፤ «ሲስተም የለም»።

ስብሰባውንስ በምን የቻልነው ይመስላችኋል? በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ ሲባል፣ ቀበሌ ሲባል፣ ምላሱ የማይደክመው ሁሉ ሲናገር እኔ በሹራብ እለካው ነበር። ሰብሳቢው መክፈቻውን ሲጨርስ ጀርባው ያልቃል፤ «ልዩ ልዩ» ላይ ሲደረስ እጅጌ ጀምሬያለሁ። የሰፈራችን ሕፃን ሁሉ ኢምፔሪያሊዝም ሲወገዝ የተሠራ ሹራብ ለብሶ ነው ያደገው። ወንድሜ ዘምቶ ደብዳቤው የጠፋ ጊዜም ሌሊቱን ያነጋልኝ ይኸው ክር ነው። ያኔ ሕክምና ነው ያለኝ የለም፤ «ዓይንሽን ታጠፊያለሽ፣ ተኚ!» ነው የተባልሁት።

አሁን ሳይንስ ሆነላችሁ! እ.ኤ.አ. በ2013 የብሪታንያ ተመራማሪዎች 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቀው፣ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው ይረጋጋል፣ ደስም ይለዋል ብለው አሳተሙ። ያን ሁሉ ሰው ሲጠይቁ እኔ ጋ ሳይደርሱ! ሰሎሞን ባረጋ ወርቅ ባመጣልን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ፣ ቶም ዴሊ የሚባለው እንግሊዛዊ በውሃ ዝላይ ወርቁን ወስዶ፣ ተመልካች መሐል ቁጭ ብሎ ሹራብ ሲሠራ ዓለም አደነቀው። ለሜዳሊያው ማስቀመጫ እንኳ ሠርቶለታል። ጎበዝ ነው፣ አልቀናሁም። እኛ ብንሆን ግን ማስጠንቀቂያ ይጻፍብን ነበር።

ቤቴም ውስጥ ክብር የለኝም። ቴሌቪዥኑ ስስ ሆኗል፣ ማረፊያ የለውም ብለው ዳንቴሌን አንሥተውታል። የልጅ ልጄ ግን «ጭንቀት ያቀልላል» ሲባል ሰምታ፣ መርፌና ክር ገዝታ መጣች። ደስ አለኝ። ከጎኔ ተቀመጠችና ዩቲዩብ ከፈተች። እኔ አጠገቧ እያለሁ ከአንዲት ፈረንጅ ትማራለች! ክሩ ሲያመልጣት ቪዲዮውን ወደ ኋላ ትመልሳለች እንጂ ዞር ብላ አታየኝም። ትናንት ኔትወርኩ ሲቋረጥ ነው «እማዬ፣ ይሄ እንዴት ነበር?» ያለችኝ።

መነጽሬን አወለቅሁና «ሲስተም የለም» አልኋት።